ኮምፒውተሩን ለሽምግልና ያስቀመጥንበት ቀን

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ከመኪና ወርጄ፣ ከቡሬ ያመጣሁትን የበርበሬ ኬሻ ባጃጅ ላይ አስጭኜ፣ በቀጥታ ወደ ልጆቹ ሱቅ አመራሁ። የልጅ ልጄ ከባልንጀራዋ ጋር የጽሕፈትና የዲዛይን ቤት ከከፈተች ወዲህ እዚያ ቤት መቀመጥ ከሰርግ ቤት ይበልጥብኛል። አንዱ የጥሪ ካርድ፣ አንዱ የምርቃት ባነር፣ አንዱ ማመልከቻ እያለ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። እኔ ጥግ ይዤ ከፕሪንተሩ የሚወጣውን ወረቀት እየተቀበልሁ አነባለሁ። ፊደል የቆጠርሁት ከተዳርሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲያ አልገፋሁበትም፤ ግን የተጻፈ ነገር እጄ ከገባ ሳላነበው አልመልስም።

ያን ጠዋት ከባጃጁ ሳልወርድ ጭቅጭቅ ሰማሁ።

«ኮምፒውተርሽን ይዘሽ ውጪልኝ» ትላለች ባልንጀራዋ። «የቤቱ ውል በኔ ስም ነው። ሌላ ሰው አስገባለሁ።»

«ግድግዳውን በእጄ የቀባሁትን ቤት ነው ውጪ የምትይኝ?»

«ቀለሙን ፍቀሽ ውሰጂው።»

ገባሁ። የልጅ ልጄ ዓይኗ ቀልቷል። ባልንጀራዋ ፕሪንተሩን እንደ ልጅ አቅፋ ቆማለች። ይህች ልጅ የአዊ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ቡሬ አጠገብ ያርሳሉ፣ እናቷን ከገበያ አውቃታለሁ። ከልጅ ልጄ ጋር ከአንድ ኮሌጅ ወጥተው፣ ሥራ ፈልገው ሲያጡ፣ አንዷ ኮምፒውተር ሌላዋ ፕሪንተር አምጥታ ነው ይህን ቤት የከፈቱት። አግዳሚው ወንበር ላይ ደግሞ ጋቢውን እስከ ጆሮው የተከናነበ ሽማግሌ ተቀምጧል። ከገበዝ ማርያም በመኪና የልጁን የሰርግ ጥሪ ካርድ ሊወስድ የመጣ ነው። ጾም ሳይገባ ልጁን ሊድር፣ ካርዱን ዛሬ ይዞ ሊመለስ።

«እንዴት አደሩ እሜቴ» አለኝ። «በጊዜ መጡ። እኔ ካርድ ልወስድ መጥቼ ፍቺ እያየሁ ነው።»

ኬሻውን አስቀምጬ ምን ሆናችሁ ብዬ ጠየቅሁ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ጀመሩ። ዝም አስባልኋቸውና በየተራ ሰማሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ሲስተሙን ወደ አዲሱ ቀይሩልኝ እያለ ለብዙ ጊዜ ሲጠይቅ ኖሯል። እሑድ ሱቁ ተዘግቶ ሳለ የልጅ ልጄ ብቻዋን መጥታ ቀየረችው። ሰኞ ሲከፍቱት ሁሉም ነገር ያምር ነበር፤ ካርድ የሚሠሩበት የዲዛይን ፕሮግራም ብቻ ደረቀ። አጥፍተው አበሩት፣ ያው ነው። ፕሮግራሙን ነቅለው እንደገና ጫኑት፣ ያው ነው። ዛሬ ጠዋት ባለሙያ ዘንድ ስልክ ቢደውሉ «ነገ መጥቼ ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ እጭንላችኋለሁ» አላቸው።

«አሳዩኝ» አልሁ።

የልጅ ልጄ ተቀመጠች። ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ ሁለት ቀለበትና የአበባ ሐረግ የተሳለበት የሚያምር ካርድ መጣ። የሙሽራው ስም በሚገባበት ቦታ ልትጽፍ ስትነካው ትንሿ ክብ መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች። ከዚያ ካርዱ ሁሉ ጉም እንደ ወረደበት ነጣ፤ ማውዙ ቢነካ፣ ኪቦርዱ ቢመታ የሚመልስ ጠፋ።

«ይኸው ነው» አለ ሽማግሌው። «የልጄን ስም ሊጽፉ ሲሉ ይደነግጣል። ልጁን ያውቀዋል መሰለኝ።»

ባልንጀራዋ አልሳቀችም። «ቅዳሜ ይሠራ ነበር። እሑድ እሷ ነካችው። ሰኞ ቆመ። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ይፈለጋል?»

እኔ እንዲህ ያለ ፍርድ ሲሰጥ ደሜ ይፈላል። በኛ መንደር አዲስ ሙሽራ በገባች ማግስት የአማቷ በሬ ሞተና ልጅቱን ገደ ቢስ ብለው ሊመልሷት ተነሥተው ነበር። በሬው ቀድሞ ሲታመም ሁሉም አይቷል፤ ሆኖም ሙሽራዋን ለመክሰስ ቀኑ ብቻ በቃቸው። ያን ጊዜ ሴት ምን ያገባታል እየተባልሁ ሸንጎ መሀል ገብቼ ተከራክሬያለሁ።

«ቀኑን ነገርሽኝ እንጂ አጥፊውን አልነገርሽኝም» አልኋት። «ሳይጠየቅ የሚፈረድበት የለም። ሰውም ይሁን ዕቃ።»

ልጅቱ ፊቷን አዙራ በአገውኛ አጉረመረመች። አሁን ደግሞ ኮምፒውተር ነክታ የማታውቅ አሮጊት ልትዳኘን ነው ማለቷ ነው። ቡሬ ዙሪያ ኖሮ አገውኛ ጆሮው ያልገባ ሰው የለም። በዚያው በአገውኛ፣ አሮጊቷ ሰምታሻለች፣ እናትሽን ሳገኛት እነግራታለሁ አልኋት። ፕሪንተሩን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አንድ ነገር ግን ልክ ብለሻል» አልሁ። «እኔ የዚህችኛዋ ወገን ነኝ። ብቻዬን ብዳኝ ፍርዱ አይጸናም። ላንቺ የሚቀመጥልሽ ሰው ያስፈልጋል።» ወደ ሽማግሌው ዞርሁ። «ባለ ሰርጉ፣ እርስዎ ለሷ ይቀመጡላት።»

«እኔ? እኔ እኮ ካርዴን ልወስድ ነው የመጣሁ።»

«ካርድዎ የሚወጣው በዚህ በኩል ነው።»

«ኮምፒውተር የሚባል ነገር አላውቅም፣ እሜቴ።»

«እኔስ መቼ አወቅሁ? የተጣላ ግን አስታርቀው አያውቁም?»

«እሱንማ ስንቱን።» ጋቢውን ከጆሮው ላይ አወረደ። ተነሥቶ መጥቶ ከባልንጀራዋ ጎን ተቀመጠ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያ ሰው ካርዱንም ሰርጉንም ረስቶ ጠበቃ ሆነ።

በኛ አገር ሰዎች ሲጣሉ ሽማግሌ እንዴት እንደሚሰማ ላላወቀ ልናገር። ሁሉንም አንድ ላይ አስቀምጦ አይሰማም። አንዱን ያስቀርና ሌሎቹን ከአጥሩ ውጭ ያስወጣል። አንዱ ሲጨርስ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። እያንዳንዱ ለየብቻ ከተሰማ በኋላ ነው ፊት ለፊት የሚገናኙት።

«እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ማን ማን ነው ያለው?» ብዬ የልጅ ልጄን ጠየቅኋት።

«ምን ማለትዎ ነው እምዬ?»

«ሲበራ አብሮ የሚነሣ፣ ሳይጠሩት የሚመጣ ነገር የለም?»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ከዚያ ዓይኗ በራ። «አለ» አለች፤ ጣቷ ኪቦርዱ ላይ መሮጥ ጀመረ። «አለ እንጂ። ሲበራ አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞች አሉ።» ዝርዝሩን አወጣችው፤ እኔም ባልንጀራዋም ሽማግሌውም አንገታችንን አስረዘምን። ቫይረስ የሚከላከለው አለ፤ ፕሪንተሩን የሚያዘው አለ፤ ስልክ የሚያገናኘው አለ። ከታች ደግሞ ሁለት የአማርኛ መጻፊያዎች አሉ።

«ሁለት ለምን?»

«አንዱ የሷ ነው፣ አንዱ የኔ» አለች የልጅ ልጄ። ባልንጀራዋ በአንዱ መጻፊያ ነው የተማረችው፤ የኔዋ በሌላው። ፊደሉ በሁለቱ ላይ ያለው በተለያየ ቦታ ነው። አንዷ የሌላዋን አልማርም ስላለች ሁለቱንም ጫኑ። እያንዳንዷም የራሷ መጻፊያ ኮምፒውተሩ ሲበራ እንዲነሣ አዘዘች። እንዲህ ሆነው ሁለት ዓመት ያህል ሠርተዋል።

«ሁሉንም አስወጪያቸው» አልሁ። «ከአጥሩ ውጭ።»

አስወጣቻቸው፤ ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው። እስኪነሣ አራታችንም ጠበቅን። ካርዱን ከፈተች። የሙሽራው ስም የሚገባበትን ቦታ ነካች። አማርኛ መጻፊያው ውጭ ስለሆነ በፈረንጅ ፊደል መታች። ፊደሉ ወጣ። ደግማ መታች፤ ወጣ። ክቧ አልዞረችም፤ ጉሙም አልወረደም።

«ይሠራል» አለች። «አልሞተም። ሲስተሙም ፕሮግራሙም ደኅና ናቸው። ያደረቀው ከነዚህ አንዱ ነው።»

ባልንጀራዋ ሳታስበው ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። እጄን የማደርግበት አጥቼ ከበርበሬ ኬሻው ላይ ተነሥቼ ተቀመጥሁ፣ ተቀምጬ ተነሣሁ። እኔ ሌባ ሲታደን እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ዱካ ሲገኝ የሚሰማ ስሜት አለ፣ ያ ነው የተሰማኝ።

«በየተራ አስገቢ» አልሁ።

ቫይረስ የሚከላከለው ገባ። አጠፋች፣ አበራች፣ ጻፈች። ደኅና። የፕሪንተሩ ገባ።

«ይህ የኛ ወገን ነው» አለ ሽማግሌው፤ ፕሪንተሩ የባልንጀራዋ ነውና። «በደንብ ጠይቁት፤ አይፈራም።»

ደኅና። ስልክ የሚያገናኘው ገባ፤ ደኅና። ከዚያ የባልንጀራዋ አማርኛ መጻፊያ ገባ። ይህን ጊዜ ባልንጀራዋ ራሷ ኪቦርዱን ሳበችና የሙሽራውን ስም በአማርኛ ጻፈች። ስሙ ቀለበቶቹ መሀል እንደ ወርቅ ጉብ አለ።

«የልጄ ስም» አለ ሽማግሌው። ከዚያ ሥራው ትዝ አለውና ጎሮሮውን ጠራርጎ፣ «የኔ ወገን ነጻ ናት። ይመዝገብልኝ» አለ።

የቀረው የልጅ ልጄ መጻፊያ ብቻ ነው። አስገባችው። አጠፋች፣ አበራች። ካርዱን ከፍታ የስሙን ቦታ ነካች። ክቧ ዞረች። ጉሙ ወረደ። ደረቀ።

ባልንጀራዋ ከወንበሯ ተነሣች። ቁጣዋ ተመልሶ ሲመጣ አየሁት።

«ይኸው። የሷ ነው። ሲስተሙን የቀየረችው እሷ፣ ያደረቀውም የሷ።»

«ተፈረደ» አለ ሽማግሌው፤ ወደኔ ዞሮ «እሜቴ፣ በራስዎ ሕግ ነው የጠየቅነው» አለኝ።

የልጅ ልጄ አንገቷን ደፋች። መከራከር እንኳ ትታ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ያለውን ገመድ በዓይኗ ስትፈልግ አየኋት። ነቅላ ልትሄድ ነው። የምትሄድበትም የላትም፤ ብቻዋን ቤት ለመከራየት አቅም የላትም፣ እኔ ዘንድ ቡሬ ገጠር መጥታ ኮምፒውተሩን የት ትሰካዋለች? ሆኖም ወገኔ ናት ብዬ እውነቱን ልገፋው አልቻልሁም። የልጅ ልጄ መጻፊያ ሲገባ ማሽኑ ሲደርቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ያየሁትን ግን መልሼ ሳብላላው አንድ ነገር አላዋጥ አለኝ።

«አንድ ጊዜ» አልሁ። «የባልንጀራሽ መጻፊያ ስትጠየቅ ያንቺ የት ነበረች?»

«ውጭ» አለች የልጅ ልጄ።

«ያንቺስ ስትጠየቅ?»

«የሷ... ውስጥ ነበረች። አላስወጣናትም።»

«እንግዲያው እኩል አልተጠየቁም። አንዷ ብቻዋን ተሰማች፣ ሌላዋ ባላንጣዋ አጠገቧ ተቀምጣ።»

ሽማግሌው እጁን አወናጨፈ። «እሜቴ፣ አሁን ለዘመድ አደሉ። ቅድም ራስዎ አላሉም? ወገን ወገን ነው።»

ይህ ነገር እንደ ስለት ገባኝ። በዕድሜዬ ሙሉ ብዙ ተብያለሁ፤ አድሎኛ ግን ተብዬ አላውቅም። «ይስሙኝ ባለ ሰርጉ» አልሁ። «የሷን አስወጥተን የልጄን ብቻዋን እንጠይቃት። ለብቻዋ ካደረቀችው ይህን ኮምፒውተር እኔው ራሴ አዝዬ አወጣዋለሁ። የልጅ ልጄም ትከተለኛለች። እዚህ ቤት ተመልሰን አንመጣም።»

የልጅ ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። እንዲህ ትምላለች ብላ አላሰበችም ነበር። እኔም አላሰብሁም። ተናግሬ ነበርና አልመለስሁም።

«ይህ ፍርድ ነው» አለ ሽማግሌው። ባልንጀራዋን ጠየቃት፤ ተቀበለች። የራሷን መጻፊያ በገዛ እጇ እንድታስወጣ አደረግሁ፤ በኋላ ተንኮል ተሠራ እንዳይባል። ማሽኑ ጠፋ፣ በራ። መብራት እንዳይሄድ በልቤ የፍኖተ ሰላምን ታቦታት ሁሉ ለመንሁ። የልጅ ልጄ ካርዱን ከፈተች። እጇ የስሙ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ንኪው» አለች ባልንጀራዋ በቀስታ።

ነካችው። ጻፈች። ስሙ ወጣ፤ የሙሽሪትንም ስም ጻፈች፣ ወጣ፤ የጥሪውን ቃል፣ የቤተ ክርስቲያኑን ስም፣ አንዱንም ሳይዝ ለቀቀው። ልጄ መጻፏን ማቆም አቃታት፤ የሚጻፈው ቃል አልቆባት እንኳ የፊደል ገበታውን ከሀ ጀምራ ትጽፍ ነበር። እኔ እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ነገሩ ገና ስላላለቀ ዋጥ አደረግሁት።

«አሁን ደግሞ ያንቺን አስገቢ» አልኋት ባልንጀራዋን። «ፊት ለፊት እናገናኛቸው።»

አስገባችው። ደረቀ።

ሁለቱ ለየብቻቸው ደኅና ናቸው፤ ሲገናኙ ይጋጫሉ። ባልንጀራዋ ናት ቀድማ የተናገረችው፤ ድምፅዋ ተለውጧል። «ሁለቱም አንዱን ቁልፍ ነው የሚሻሙት» አለች። «ኪቦርዱ በተመታ ቁጥር የኔም ፊደሉን ልለውጥ ይላል፣ የሷም ይላል። አሮጌው ሲስተም ዝም ይላቸው ነበር፤ አዲሱ አላሳልፍ አለ።»

«ስለዚህ አጥፊው ማነው?» አለ ሽማግሌው።

«እኔም ነኝ» አለች። «የሷን አልማርም ያልሁት እኔ ነኝ።»

«እኔም ያንቺን» አለች የልጅ ልጄ።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ሆኖም ፍርዱን ማጉደል አልፈለግሁም። የልጅ ልጄን አስነሥቼ አቆምኋት። «አንቺ የሁለታችሁን እንጀራ ባልንጀራሽን ሳትጠይቂ ነክተሻል። ተሳክቶልሽ ቢሆን እንኳ ጥፋት ነው። ይቅርታ በዪ።» ይቅርታ አለች። ከዚያ ወደ ሽማግሌው አየሁ፤ የሱን ወገን እሱ ነው የሚናገረው።

«አንቺም» አለ ባልንጀራዋን፣ «ሳታጣሪ ውጪ ብለሻል። ካርዴን በማዘግየትሽ ሳይሆን ለዚህ ይቅርታ በዪ።» እሷም ይቅርታ አለች፤ ተሳሳሙ። የልጅ ልጄ አለቀሰች፤ ባልንጀራዋም እያለቀሰች በአገውኛ ራሷን ሰደበች። አልተረጎምሁትም።

የቀረው የማን መጻፊያ ይውጣ የሚለው ነበር፤ እዚህ ላይ ሁለቱም ጨዋ ሆነው አስቸገሩን። የኔ ይውጣ፣ አይ የኔ ይውጣ። እንዲህ ያለውን ይሉኝታ አልወድም፤ ዛሬ ሰጥቶ ከርሞ ይቆጫል። በመጨረሻ የልጅ ልጄ አዲሱ ሲስተም የራሱ የሆነ የአማርኛ መጻፊያ ይዞ እንደመጣ ተናገረች።

«እሱን ጣቴ አያውቀውም» አለች ባልንጀራዋ።

«የኔም አያውቀውም።»

«እንግዲያው እኩል ነው» አልሁ። «ሁለታችሁም እኩል ትቸገሩና እኩል ትማራላችሁ።»

«ካርዴስ? በኔ ካርድ ላይ ነው ፊደል የሚቆጥሩት?» አለ ሽማግሌው። ይህም ልክ ነው። ለዛሬ ዕጣ ይጣል አልሁ። እሱ ከመጥረጊያው ሁለት ስንደዶ መዝዞ፣ አንዱን ቆርጦ፣ ጫፋቸውን አስተካክሎ ያዘላቸው። ረጅሙ ለባልንጀራዋ ደረሰ። የልጅ ልጄ የራሷን መጻፊያ አስወጣች፤ አጠገቧ ተቀምጣ የጥሪውን ቃል እያነበበችላት ባልንጀራዋ ጻፈች። ፕሪንተሩ ካርዶቹን አንድ በአንድ ሲተፋ እኔ እየተቀበልሁ ጮክ ብዬ አነበብሁለት። የሙሽራውን አባት ስም ሳነብ ሽማግሌው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። መኪናው እንዳያመልጠው ካርዱን በጋቢው ጠቅልሎ ወጣ፤ ከደጅ ተመልሶ «ሁላችሁም ተጠርታችኋል» አለና ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲቀንስ ሁለቱ አዲሱን መጻፊያ ከፈቱት። ያን ጊዜ የተሳቀውን ሳቅ መንገዱ ሰምቷል። አንዷ ፀ ስትፈልግ ሌላ ፊደል ይወጣል፤ ሌላዋ ላግኝልሽ ብላ ይብስ የራቀ ታመጣለች። ማመልከቻ የሚያስተይብ ሰው መጣና ባየው ነገር ግራ ተጋብቶ ተመልሶ ወጣ፤ ሮጠን መለስነው።

እኔ የቡሬ መኪና እንዳያመልጠኝ ነጠላዬን ሳስተካክል ባልንጀራዋ ከኪቦርዱ ቀና ሳትል የልጅ ልጄን ጠየቀቻት።

«ነገ ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ?»

«እንደ ሁልጊዜው።»

«ትንሽ ቀደም ብለሽ ነይ። ደንበኛ ሳይመጣ እንለማመድ።»